ስድሳ መቃብር ለእሜቴ

(በወሎ፣ ጠቋር አፋፍ በምትባል መንደር፣ ሰኔ ሁለት፣ ሐሙስ ጠዋት፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ሙታኑን በአንድነት የሚቀብርበት ማኅበር፣ የቅሬው፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፤ የቅሬው ዳኛ አቶ ይመር በተዘረጋ ድንኳን ላይ ተቀምጠዋል፤ የመንደሩ ዝናብ መዝጋቢ ወይዘሮ ጦይባ ደብተር ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።)

ይመር፦ ሬሳው የታለ?

ጦይባ፦ እሱን እኮ ነው የምነግርዎት ጋሼ ይመር። ሬሳ የላትም።

ይመር፦ ሬሳ የሌላት ሟች አመጣሽብኝ? እኔ እኮ አልቅሼ ጨርሻለሁ! ድንኳን አውጥቻለሁ፤ ጥሩምባ ነፊውን አስጠርቻለሁ፤ እንባዬ ጢሜ ላይ ገና አልደረቀም!

ጦይባ፦ «ሞት አለ» ነው ያልኩት። ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ልቅሶ የጀመሩት እርስዎ ነዎት።

ይመር፦ ዳኛ ነኝ፤ መጀመሪያ አለቅሳለሁ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ። ሥርዓቱ ነው። በይ አሁን ድገሚልኝ፤ በእንባ መሃል ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል። ማን ናት የሞተችው?

ጦይባ፦ እሜቴ።

ይመር፦ እሜቴ ምንጯ? ከአፋፉ ሥር ያለችው?

ጦይባ፦ ሌላ ምንጭ አለን?

ይመር፦ ያፈሰስኩትን እንባ መልሽልኝ!

ጦይባ፦ ቢመለስማ ወስጄ ምንጯ ላይ እጨምረው ነበር። ዛሬ ከምታወርደው ሳይሻል አይቀርም።

ይመር፦ ስሚኝ አንቺ ልጅ። የዚህ ቅሬ መተዳደሪያ ደንብ አርባ አንድ አንቀጽ አለው። አርባ አንዱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፤ ከየቤቱ አንድ ሰው አካፋ ወይም ዶማ ይዞ ይወጣል፤ ሦስት ጊዜ የቀረ ከቅሬው ይሰረዛል።» ይኸው ነው። ምንጭ የሚል አለበት?

ጦይባ፦ አንቀጽ አራት ቤተሰብ የሚለውን ይተረጉመዋል። ያንብቡልኝ።

ይመር፦ ምን ማንበብ ያስፈልገኛል፤ በቃሌ ነው የማውቀው። «ቤተሰብ ማለት አባሉን የወለደ፣ ያሳደገ፣ ያጠበ፣ ያጠጣ...»

ጦይባ፦ ይድገሙት።

ይመር፦ አልደግመውም።

ጦይባ፦ ያጠበ፣ ያጠጣ። እርስዎን ተወልደው ማን ነው ያጠበዎት?

ይመር፦ እናቴ ናታ!

ጦይባ፦ በምን?

ይመር፦ ይህን አንቀጽ ስጽፍ ሞግዚት አስቤ ነው ጦይባ! አሳዳጊ አክስት አስቤ ነው! ጉድጓድ ውስጥ የሚንፎለፎል ነገር አላሰብኩም!

ጦይባ፦ ያላሰቡትን ጽፈዋል እንግዲህ። የተጻፈው ነው የሚሠራው ብለው የሐሰንን ሚስት በአንድ ቃል ከቅሬው አልነበር የሰረዟት?

ይመር፦ እሺ፣ ይሁን። ቤተሰብ ናት እንበል። ሞቷን ማን አየ? አንቀጽ ስድስት፤ ሞት በሦስት ምስክር ይረጋገጣል።

ጦይባ፦ አንድ ምስክር ነው ያለኝ፤ ጀሪካን።

ይመር፦ ምን?

ጦይባ፦ ሃያ ሊትር የሚይዝ ቢጫ ጀሪካን። ሁልጊዜ ያንኑ፣ ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ እዚያው ድንጋይ ላይ አስቀምጬ። ካቻምና ግንቦት በሃምሳ ሁለት ሰከንድ ነበር የሚሞላው። አምና ግንቦት በአራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። ዘንድሮ ጥር ላይ በአሥራ ሰባት ደቂቃ። ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ።

ይመር፦ ቆይ። ሞላ?

ጦይባ፦ ምን?

ይመር፦ ጀሪካኑ። በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃም ቢሆን፣ ሞላ ወይስ አልሞላም?

ጦይባ፦ ...ሞላ።

ይመር፦ አሃ! እየተነፈሰች ነው!

ጦይባ፦ እያጣጣረች ነው።

ይመር፦ የሚያጣጥር ሰው አይቀበርም ጦይባ! እሱ ቀብር ሳይሆን ወንጀል ነው! ምናለ «ደረቀች፣ ጠብታ የላትም» ብለሽ ብትገላገይ?

ጦይባ፦ ጠብታ አላታ። ያላትን የላትም እንዴት እላለሁ?

ይመር፦ ይኸውልሽ፣ አንቺ ለዚህ ነገር አትሆኚም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዝናብ መለኪያ ስታነቢ ያልወረደ ዝናብ አንድ ቀን ጽፈሽ አታውቂም።

ጦይባ፦ አንድ ቀን ፍየል ሸንታበት ሦስት ሚሊ ሜትር አግኝቻለሁ። እሱንም «ፍየል» ብዬ ነው የመዘገብኩት።

ይመር፦ እንግዲያው ሟች ሳትሆን በሽተኛ ናት። ለበሽተኛ አንቀጽ አሥራ ሁለት አለልሽ። «አባል ሲታመም ቅሬው ሁለት ሽማግሌ ልኮ ይጠይቃል።» ዛሬውኑ ሁለት ሽማግሌ እልካለሁ። ሙዝ ይዘው ይሄዳሉ።

ጦይባ፦ ለምንጭ ሙዝ?

ይመር፦ ብርቱካን ይሁንላት።

ጦይባ፦ ሁለት ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? መቶ አሥራ ሁለቱንም ቤት ነው የምፈልገው፤ ከነአካፋው፣ ከነዶማው።

ይመር፦ ሰብስቢያቸዋ! የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አይደለሽም እንዴ?

ጦይባ፦ ሦስት ጊዜ ሰበሰብኩ። መጀመሪያ ቀን ሰባት ሰው መጣ። ሁለተኛ ቀን አራት። ሦስተኛ ቀን እኔ፣ ጌጡ እና አንድ ውሻ። ጌጡ «ለስላሳ አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የለም ስለው ሄደ። ውሻው ግን እስከ መጨረሻው ቆየ።

ይመር፦ የማን ውሻ ነው?

ጦይባ፦ የእርስዎ።

ይመር፦ እሰይ! የእኔ ቤት ተወክሏል ማለት ነው።

ጦይባ፦ ባለፈው ወር የዘይነባ አማት ሲሞቱስ ስንት ሰው ወጣ?

ይመር፦ መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ መቶ አሥራ ሁለት ሰው። እግሩ የተሰበረው ሽመልስ እንኳን በቃሬዛ መጥቷል። አስከሬኑ አንድ፣ ቃሬዛው ሁለት፤ የሩቅ እንግዶች የትኛውን እንደሚያለቅሱ ግራ ገብቷቸው ነበር።

ጦይባ፦ መቃብሩ በስንት ደቂቃ ተቆፍሮ አለቀ?

ይመር፦ በሃያ አምስት። ከሥር አለት ባይገጥመን በሃያ ይወጣ ነበር። የእኛ ቅሬ በመቃብር አይታማም እታለም። ጠርዙን አይተሽዋል? በክር ነው የምናስቀናው። የላይ ሰፈር ቅሬ የቆፈረውን አይተሽ የእኛን ስታዪ...

ጦይባ፦ አይቻለሁ። ለክቻለሁም። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል።

ይመር፦ መቃብር ለካሽ? ሰው በሚያለቅስበት መሃል?

ጦይባ፦ እኔም እያለቀስኩ ነበር። በአንድ እጄ ግን ሜትር ይዣለሁ።

ይመር፦ ላ ኢላሀ ኢለላህ!

ጦይባ፦ ይስሙኝ። ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት ተራቁቷል። ዝናብ ሲጥል ውሃው እንደ ፈረስ ይጋልባል እንጂ መሬት ውስጥ አይገባም። ካልገባ ደግሞ እሜቴ የምታፈልቀው ከየት ይመጣል? ተዳፋቱ ላይ ውሃውን የሚያስቆም ጉድጓድ ያስፈልጋል። የግብርና ባለሙያው በሰጠኝ ወረቀት ላይ ልኩ ተጽፏል። ርዝመት ሁለት ሜትር፣ ወርድ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር።

ይመር፦ የእኛ መቃብር!

ጦይባ፦ ቁርጥ እሱን። ጥልቀቱ ብቻ ግማሽ ሜትር ነው።

ይመር፦ ጥልቀት አንቀንስም። ጅብ ያወጣዋል።

ጦይባ፦ ምንጭን ጅብ አያወጣትም!

ይመር፦ ስንት ነው የምትፈልጊው?

ጦይባ፦ ስድሳ።

ይመር፦ ለአንድ ሟች ስድሳ መቃብር?

ጦይባ፦ ትልቅ ሰው ናት።

ይመር፦ ኧረ ተይ! ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ!

ጦይባ፦ አስቤዋለሁ። መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ ለሁለት ሰው አንድ ጉድጓድ፤ ሃምሳ ስድስቱ በአንድ ጊዜ ይቆፈራሉ። አራቱን ቀድሞ የጨረሰ ይደግማል። ከረፋድ እስከ ምሳ ያልቃል። ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል አካፋ፣ ይህን ያህል የለመደ እጅ፣ በዚህ አገር ከቅሬ በቀር ማን አለው? ለሞተ ሰው እንዲህ የምንፈጥን ሰዎች ነን፤ እንዳንሞት ግን ሰው አይገኝም። ስለዚህ ሞቱን ይዤልዎት መጣሁ።

ይመር፦ ሃይማኖቷስ?

ጦይባ፦ የማን?

ይመር፦ የሟቿ ነዋ! ሼሁ ይምጡ ወይስ ቄሱ? ሶላት ነው ወይስ ፍትሐት?

ጦይባ፦ ጠዋት ጠዋት ውዱእ ይደረግባታል። ጥር ሲመጣ ደግሞ ታቦት ወርዶባት ያድራል።

ይመር፦ ሁለቱንም ሆና ኖረች?

ጦይባ፦ ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ይመር፦ በሕይወት ሳለች አልጠየቅናት ይሆናል፤ ለመቀበር ግን አንዱን መምረጥ አለባት። ጉድጓዱ በየት በኩል ይዞር? ወደ ቂብላ ወይስ ወደ ምሥራቅ?

ጦይባ፦ ቁልቁለቱን አግድም።

ይመር፦ አግድም የሚቀብር የትኛው ሃይማኖት ነው?

ጦይባ፦ ጋሼ ይመር፣ ቀልዱን እንተወው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብተሬ እንደሚለኝ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ከሰኔ አሥር እስከ ሃያ ባለው ነው የሚጥለው። ዛሬ ሰኔ ሁለት ነው። ጉድጓዱ ሳይቆፈር ከጣለ ደለሉ ወርዶ ዓይኗን ይደፍነዋል። ያን ጊዜ ያለምንም ውሸት ሞተች ብዬ እመዘግባለሁ። የእርስዎ አርባ አንድ አንቀጽ ግን አያስነሳትም።

ይመር፦ ይሁንና... ነገ አንዱ መጥቶ «በሬዬ ሞተ፣ ድንኳን አውጡ» ቢለኝስ? የላይ ሰፈሮችስ ምን ይሉናል? «የታች ሰፈር ቅሬ ለኩሬ ፍራሽ ዘረጋ» ብለው ዘፈን ያወጡብናል።

ጦይባ፦ ሬሳ ሳናይ ፍራሽ አልዘረጋንም? የከድጃ ልጅ ዓረብ አገር ስትሞት ምን ነበር የያዝነው? አንድ ጉርድ ፎቶ ነበረን። እሱን ወንበር ላይ አቁመን ሦስት ቀን ተቀመጥን።

ይመር፦ እሷ ልጃችን ነበረች።

ጦይባ፦ ደንቡ ይከለክላል ሲሉ ሽማግሌዎቹ፣ «እናቲቱ ብቻዋን አታልቅስ» ብለው የተነሡት እርስዎ ነዎት። ያኔ ነው እኔ እርስዎን ማክበር የጀመርኩት።

ይመር፦ ከዚያ በፊት አታከብሪኝም ነበር?

ጦይባ፦ እፈራዎት ነበር።

ይመር፦ ...ከድጃ አሁን የት ናት?

ጦይባ፦ ባለፈው ጥቅምት ቤቷን ቆልፋ ከመንደሩ ወርዳለች። ውሃ እየተሸከመች ገደል መውጣት ጉልበቷ እምቢ አላት። አምና እኮ መቶ አሥራ ስድስት ቤት ነበርን። አራቱ ተቆልፈዋል። እሜቴ ከተደፈነች ውሃ ቀጂ ሁሉ በአህያ ሁለት ሰዓት ተጉዞ ወንዝ ሊወርድ ነው፤ አህያ የሌለውም መንደሩን ለቆ ይሄዳል። እስከ መጪው ዓመት ሰማንያ ቤት ከቀረን ጥሩ ነው። ከዚያ ሃምሳ። ከዚያ እርስዎ፣ ባለቤትዎ እትዬ ዘምዘም እና ውሻው።

ይመር፦ ሃምሳ ሰው መቃብር ለመቆፈር ይበቃል።

ጦይባ፦ ቃሬዛውን አፋፉ ላይ ማን ያወጣዋል? ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚቀሩት። እርስዎን ማን ይቀብርዎታል ጋሼ?

ይመር፦ እንዲህ አይነት ነገር በጠዋት አይጠየቅም!

ጦይባ፦ ደንቡ ላይ በስንተኛው አንቀጽ ተከልክሏል?

ይመር፦ ...መዝገቡን አቀብዪኝ። ያውልሽ፣ ከበሮው አጠገብ። አይደለም፣ ጥቁሩን። አዎ። እሺ፤ እንሞክረው። ስም፤ እሜቴ። ጾታ፤ ሴት። ዕድሜ?

ጦይባ፦ ከመንደሩ ትበልጣለች።

ይመር፦ «ከመንደሩ የምትበልጥ»። አድራሻ፤ ከአፋፉ ሥር። የሞት ምክንያት?

ጦይባ፦ እሱን ይለፉት።

ይመር፦ አላልፍም። በዚህ መዝገብ ባዶ ዓምድ የለም።

ጦይባ፦ ይለፉት ብዬዎታለሁ።

ይመር፦ ምክንያት የሌለው ሞት አልመዘግብም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትመዘግቢ የኖርሽ ሴት እንዴት ይለፉት ትያለሽ? ምንድን ነው የገደላት?

ጦይባ፦ ባሕር ዛፍ።

ይመር፦ ባሕር ዛፍ። «ባ... ሕር...» የማን ባሕር ዛፍ?

ጦይባ፦ ከምንጯ በላይ ባሕር ዛፍ ያለው ማን ነው? ብዕሩ ቆመ እኮ።

ይመር፦ ቀለሙ አልቆ ነው። ...እርጅና ብለን ብንጽፈውስ?

ጦይባ፦ እርጅና አይደለም። የተተከሉት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ሥራቸው ውሃው ላይ ከደረሰ ጀምሮ የጀሪካኑ ደቂቃ በየዓመቱ ሲጨምር ይኸው ደብተሬ ላይ አለ። ሁለት መቶ አርባ ዛፍ ነው።

ይመር፦ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። ሁለቱን ንፋስ ጥሎብኛል።

ጦይባ፦ አርመዋለሁ።

ይመር፦ ለንግድ እንዳይመስልሽ። ለኑሩ ነው። ልጄ ኮምቦልቻ ከወረደ ስድስት ዓመቱ። ዛፉ ሲደርስለት ቤት እሠራለትና ይመጣል ብዬ ነው። ባለ ሦስት ክፍል፣ በረንዳ ያለው። የትኛው ዛፍ ማገር፣ የትኛው ምሰሶ እንደሚሆን ሳይቀር ለይቼ ጨርሻለሁ። የበሩን ጉበን የሚሆነውን በየሳምንቱ ሄጄ አቅፈዋለሁ።

ጦይባ፦ አውቃለሁ። ሲያቅፉት አይቻለሁ።

ይመር፦ እሱንም መዘገብሽው?

ጦይባ፦ እሱን አልመዘገብኩም።

ይመር፦ እና መንደሩ ይህን ያውቃል? ዛፉ የእኔ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ?

ጦይባ፦ በሦስቱም ስብሰባ «ምን አደረቃት?» ብለው ጠየቁኝ። ምክንያቱን አልተናገርኩም። ደብተሬ ላይም ዓምዱን ባዶ ትቼዋለሁ።

ይመር፦ አንቺ? ባዶ ዓምድ?

ጦይባ፦ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እንቅልፍ ነስቶኛል።

ይመር፦ አንቀጽ ሠላሳ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?

ጦይባ፦ አውቃለሁ።

ይመር፦ «ከማኅበሩ አባላት ወይም ቤተሰብ አንዱን የገደለ ከቅሬው ይሰረዛል፤ ሲሞትም አይቀበርም።» በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ሁለት ጊዜ አሰምሬበታለሁ። እሜቴ ቤተሰብ ከሆነች እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ፤ ቤተሰብ ካልሆነች ጥሩምባ የለሽም። በሁለቱም በኩል ወጥመድ አጥምደሽ ነው የመጣሽው!

ጦይባ፦ አላጠመድኩም ጋሼ። ለዚህ ነው ይለፉት ያልኩት።

ይመር፦ ዝም በይ፣ እያሰብኩ ነው። አንቀጽ አራት አይሆንም። ስድስት አይሆንም። አሥራ ሁለት ሙዝ ነው። ሰባት የድንኳን ነው። ስምንት... ቆይ ቆይ። ዘጠኝ! ሰዓትሽ ስንት ይላል?

ጦይባ፦ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሦስት። ለምን?

ይመር፦ አንቀጽ ዘጠኝ። «ዳኛው ሲሞት ምስክር መቁጠር አያስፈልግም፤ የቅሬው ጽሕፈት ቤት ካወጀ ይበቃል።» ዳኛ ሞቶ ሽማግሌ ሲከራከር ሬሳው እንዳይጉላላ ብዬ ያስገባሁት ነው።

ጦይባ፦ ጽሕፈት ቤቱ ማን ነው?

ይመር፦ እኔ ነኛ!

ጦይባ፦ ምን ሊያደርጉ ነው?

ይመር፦ ስም፤ ይመር አሊ። ጾታ፤ ወንድ። ዕድሜ፤ ስልሳ ስምንት። የሞተበት ሰዓት፤ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሦስት።

ጦይባ፦ ከሃያ አራት ሆኗል።

ይመር፦ ከሃያ አራት። አመሰግናለሁ።

ጦይባ፦ ጋሼ ይመር፣ እኔ ይህን አልፈርምም! ውሸት ነው!

ይመር፦ ማን ፈርሚ አለሽ? መዋሸት አትችይም አላልኩሽም? እኔ እችላለሁ። ዳኛ የሆንኩት በምን ይመስልሻል? የሞት ምክንያት፤ ጥማት።

ጦይባ፦ አልተጠሙም እኮ!

ይመር፦ በአንቺ ደብተር መሠረት መቼ ነው የምጠማው?

ጦይባ፦ ምንጯ ከተደፈነች... እስከ መጪው ዓመት ሚያዝያ።

ይመር፦ በቃ፣ ቀድሞ የተመዘገበ ነው። አሁን ኑዛዜ። የሟች ኑዛዜ አይሻርም፤ አንቀጽ አሥራ አምስት። «እኔ ይመር አሊ ከእሜቴ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ እንድቀበር ተናዝዣለሁ። የቱ ላይ እንደሆነ ስላልቆረጥኩ ስድሳ ቦታ ይቆፈርልኝ፤ ሲያልቅ እመርጣለሁ።»

ጦይባ፦ የሞተ ሰው እንዴት ይመርጣል?

ይመር፦ አይመርጥማ! ስለዚህ ስድሳውም ክፍቱን ይቆያል። እንዲህ አይደል የፈለግሽው?

ጦይባ፦ አቅጣጫውስ?

ይመር፦ አግድም። ሼሁ ከጠየቁኝ ስወድቅ እንደዚያ ነበር የወደቅኩት በያቸው... አይ፣ አንቺ አትዪም። እኔ እነግራቸዋለሁ።

ጦይባ፦ ሰዉ አካፋውን ይዞ ሲመጣ እርስዎን ቆመው ያገኝዎታል!

ይመር፦ ቆሜ አያገኘኝም፤ ስቆፍር ነው የሚያገኘኝ።

ጦይባ፦ ይቆጣሉ።

ይመር፦ ይቆጡ! ለቀብር ብሎ የወጣ የታች ሰፈር ሰው ጉድጓድ ሳይቆፍር ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ? መዝገቡ ላይ ሞት አለ፤ ጥሩምባ ተነፍቷል፤ የቀረ ይሰረዛል። እኔ ብተነፍስም ባልተነፍስም ደንቡ ይሠራል። እየተሳደቡም ቢሆን ይቆፍሩታል።

ጦይባ፦ እትዬ ዘምዘምስ? በድንጋጤ ቢወድቁስ?

ይመር፦ ዘምዘም? እሷ ጥሩምባውን ሰምታ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ታዲያ ለምሳ ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

ጦይባ፦ ልጅዎስ? ኑሩ?

ይመር፦ ...ኑሩ።

ጦይባ፦ ለእሱ ይደወልለታል። የአባቱን ሞት በወሬ ሊሰማ አይገባም።

ይመር፦ ለበዓል ና አልኩት፤ ሥራ አለኝ አለ። ለእህቱ ሠርግ ና አልኩት፤ መንገዱ ተበላሽቷል አለ። ስድስት ዓመት። ለቀብር ግን ይመጣል። ለቀብር የማይመጣ ከእኛ ቤት አልተወለደም።

ጦይባ፦ እኔ ደውዬ አባትህ ሞተ አልለውም። አልችልም።

ይመር፦ እኔ እደውልለታለሁ።

ጦይባ፦ እርስዎ? «ሞቻለሁ» ብለው?

ይመር፦ «አባትህ ሞቷል፤ አካፋ ይዘህ ና» እለዋለሁ። ድምፄን ከረሳው እውነት ይመስለዋል። ካልረሳው ደግሞ... ካልረሳውም ምናልባት ይመጣል።

ጦይባ፦ ጋሼ።

ይመር፦ ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? በሩን ክፈቺው! ሽብሩ! አንተ ሽብሩ! ጥሩምባህን አንሣ! ... ይመር አሊ ሞቷል ብለህ ንፋ! ... የትኛው ይመር ማለት ምን ማለት ነው? ዳኛው! ... አዎ፣ እኔ ነኝ የምልህ! ... ማን ነገረህ ቢሉህ ራሱ ነገረኝ በል! ... አታልቅስ እንጂ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ንፋ፣ ከዚያ ታለቅሳለህ! ቀብሩ አምስት ሰዓት ነው፤ ከእሜቴ በላይ! የቀረ ይሰረዛል!

ጦይባ፦ ነፋው። ወይ ጉድ! ከላይ በኩል ጩኸት ተጀመረ።

ይመር፦ ያ የዘይነባ ድምፅ ነው። ምን ያህል ትወደኝ ኖሯል! በሕይወት ሳለሁ ሰላምታዬን እንኳን አትመልስልኝም ነበር። ያንን አካፋ አቀብዪኝ፤ አይደለም፣ ረጅም እጀታ ያለውን።

ጦይባ፦ ጋሼ ይመር፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ጉድጓዶቹ የሚያልፉት በዛፎቹ መሃል ነው። ዛፎቹ እዚያው ከቆሙ ስድሳውም ጉድጓድ ለእነሱ መጠጫ ይሆናል እንጂ ለእሜቴ አይደርሳትም። መቁረጥም አይበቃም፤ ባሕር ዛፍ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከዚህ መንደር ደግሞ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ በዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሳ ሰው የለም። ምን ልበላቸው?

ይመር፦ ባለቤት የለውም በያቸው፤ የሞተ ሰው ዛፍ የለውም። የበሩን ጉበን ከሚሆነው ይጀምሩና ከነሥሩ ይንቀሉት።